የጉበት ደም ቅዳዎችን የአፈጣጠር ልዩነት በሲቲ መለየት፦ ከዝግጅት እስከ ሪፖርት

በሆድ ሲቲ ሪፖርት ላይ «የጉበት ደም ቅዳዎች አፈጣጠር የተለመደ ነው» የሚለውን መስመር ለመጻፍ ጊዜ አይፈጅም። ያንን የጻፈው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያየው ሲሊያክ ትራንክን፣ ጉበትን፣ ጨጓራንና ጣፊያን የሚመግበውን ግንድ፣ ብቻ ነው። ከዋናው ደም ቅዳ፣ ከአኦርታ፣ ወጥቶ ሲከፋፈል አየ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ጉበት ሲሄድ አየ፤ በዚያው ቆመ። በዚያው ታካሚ ሆድ ውስጥ ከፖርታል ቬይን (የአንጀትን ደም ወደ ጉበት ከሚወስደው ደም መልስ) ጀርባ ሌላ ደም ቅዳ ወደ ቀኙ የጉበት ክፍል እየወጣ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ የሚያገኘው መቁረጥ ከጀመረ በኋላ ነው።

የስህተቱ ሥር አንድ ነው፦ ከአኦርታ ተነሥቶ ወደ ጉበት ብቻ መሄድ። ማሳ ውስጥ ቆሞ ወደ ማሳው የሚገባውን ቦይ ሁሉ ወደ ኋላ የተከተለ ሰው የሚዘለው ቦይ የለም። ከወንዙ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ቦይ የተከተለ ግን ማሳው ሲደርስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እናንተም ከጉበት ተነሡና ወደ መነሻው ተመለሱ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ለዚህ የሚያዘጋጅ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ሁለት ቃላት እንስማማ። ለግራው ወይም ለቀኙ የጉበት ክፍል በሙሉ ብቸኛ ምንጭ የሆነና ካልተለመደ ቦታ የሚነሣውን ደም ቅዳ «ምትክ» እለዋለሁ፤ ሪፕሌስድ የምንለው ነው። ከተለመደው ጎን ለጎን የሚመጣውን፣ አክሰሰሪ የምንለውን፣ «ተጨማሪ» እለዋለሁ። ከሲሊያክ በታች ከአኦርታ ተነሥቶ አንጀትን የሚመግበውን ሱፔሪየር ሜሴንተሪክ አርተሪን በአጭሩ ኤስኤምኤ እላለሁ። አርተሪ ደም ቅዳ፣ ቬይን ደም መልስ፣ ሄፓቲክ የጉበት ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን እወቁ

የመጠየቂያ ወረቀቱ «ሲቲ አብዶመን» ብቻ የሚል ከሆነ ወደ ጠያቂው ሐኪም ደውሉ። ምን ሊሠራ እንዳሰበ ሳታውቁ የትኛው ደም ቅዳ ወሳኝ እንደሆነ አታውቁም።

• ለቆሽት ራስ ዕጢ ዊፕል (የቆሽቱን ራስና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ ዱዎደነምን፣ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና) ሊሠራ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ከኤስኤምኤ የሚነሣ ቀኝ ሄፓቲክ አርተሪ አለ ወይ የሚለው ነው።
• ለጨጓራ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ ሌፍት ጋስትሪክ አርተሪ (የጨጓራ ግራ ደም ቅዳ) ከሥሩ ይታሰራል። ከእርሱ የሚነሣ የግራ ጉበት ደም ቅዳ ካለ አብሮ ይዘጋል።
• በሕይወት ካለ ለጋሽ ጉበት ሊወሰድ ከሆነ፣ የክፍል 4 (ጉበት ከሚከፈልባቸው ስምንት ክፍሎች የአራተኛው) ደም ቅዳ ከየት እንደሚነሣ የግድ መታወቅ አለበት።
• ኬሞኢምቦላይዜሽን ወይም ራዲዮኢምቦላይዜሽን (ዕጢን በደም ቅዳው በኩል በመድኃኒት ወይም በጨረር ማከም) ከሆነ፣ ዕጢውን የሚመግቡት ሁሉ፣ እንዲሁም ከእነርሱ ወደ ጨጓራና ዱዎደነም የሚሄዱ ቅርንጫፎች ይፈለጋሉ።

ደረጃ 2፦ ታካሚውን አዘጋጁ

1. የኩላሊቱን ሁኔታ እዩ። የጂኤፍአር መጠኑ (ኩላሊት ደም የሚያጣራበት ፍጥነት) ከ30 በታች ከሆነ ኮንትራስት (ደም ሥሮችን በምስሉ ላይ የሚያነጣ ፈሳሽ) ከመስጠታችሁ በፊት ከሚያክመው ሐኪም ጋር ተማከሩ። ቀድሞ በኮንትራስት አለርጂ ደርሶበት እንደሆነ ጠይቁ። በመውለድ ዕድሜ ያለችን ሴት ስለ እርግዝና ጠይቁ።

2. ነጭ ሆኖ የሚታይ የሚጠጣ ኮንትራስት አትስጡ። ዱዎደነም ውስጥ ሲነጣ አጠገቡ ያለውን ጋስትሮዱዎደናል አርተሪ (ወደ ጨጓራና ዱዎደነም የሚሄደውን ደም ቅዳ) ይሸፍናል፤ የሚፕ ምስሉንም (በጣም የነጣውን ብቻ አውጥቶ የሚያሳየውን) ያበላሻል። በምትኩ ምርመራው ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ግማሽ ሊትር ያህል ተራ ውኃ ያጠጡት።

3. ካኑላው 18 ጌጅ፣ በክርን መታጠፊያ ላይ ይሁን። 20 ጌጅ የመጨረሻው ቀጭን ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ካኑላው ይቀጥናል። ከዎርድ በእጅ ጀርባ ላይ 22 ጌጅ ተሰክቶለት የመጣ ታካሚ አዲስ ካኑላ ያስፈልገዋል። «ይህም ይበቃል» ተብሎ የተጀመረ ምርመራ ውጤቱ የደበዘዘ ደም ቅዳ ነው።

4. ካኑላውን በሳላይን ሞክሩት፤ ሙከራው ኮንትራስቱ በሚሄድበት ፍጥነት ይሁን።

5. ትንፋሽ አያያዙን ጠረጴዛው ላይ ከተኛ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ አለማምዱት። የማሽኑ የተቀዳ ድምፅ በእንግሊዝኛ ከሆነ ታካሚው የማይሰማውን ቋንቋ እየጠበቃችሁ ነው ማለት ነው። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ይሁን ሶማልኛ፣ በሚሰማው ቋንቋ ራሳችሁ ንገሩት፦ «አየር ያስገቡ፤ ይያዙ፤ አይንቀሳቀሱ።» ለዚህ የሚጠፋው አንድ ደቂቃ ከማንኛውም ፕሮቶኮል ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። በትንፋሽ መሀል የተነሣ ምስል ደም ቅዳውን ቆርጦ ያሳያችኋል፤ የተቆረጠውን ማንም መልሶ አይቀጥለውም።

ደረጃ 3፦ ኮንትራስቱንና ሰዓቱን አስተካክሉ

1. በሚሊ ሊትር 350 ሚሊ ግራም አዮዲን ያለው ኮንትራስት ከሆነ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር አስቡ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ 90 ሚሊ ሊትር ነው።
2. ፍጥነቱ በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይሁን። ከኋላው 40 ሚሊ ሊትር ያህል ሳላይን አስከትሉ።
3. የኮንትራስቱን መድረስ የሚጠብቀውን የማሽኑን መከታተያ አኦርታ ላይ፣ በዲያፍራም ከፍታ አስቀምጡ። ክቡ ሙሉ በሙሉ በአኦርታው ውስጥ ይሁን፤ ካልሲየም ያለበትን ግድግዳ አይንካ። ከነካ ኮንትራስቱ ሳይደርስ ማሽኑ ይነሣል።
4. ማሽኑ የሚነሣበትን መነሻ 150 ሃውንስፊልድ (የሲቲ የንጣት መለኪያ) አድርጉት። ከዚያ በኋላ 8 ሰከንድ ያህል ጠብቃችሁ አንሡ። ማሽናችሁ በጣም ፈጣን ከሆነ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጨምሩ፤ ያለዚያ ኮንትራስቱን ቀድማችሁት ትሄዳላችሁ፤ ትልልቆቹ ነጥተው ቀጫጭኖቹ ባዶ ይሆናሉ።
5. የጉበት ዕጢም አብሮ መታየት ካለበት ለዕጢው ዘግየት ያለ የአርተሪ ምዕራፍ (ደም ቅዳዎች ነጥተው ሳለ የሚነሣ ምስል) ያስፈልጋል፤ ከመነሻው በኋላ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ጠብቁ። የአርተሪ ምዕራፍ አንድ ጊዜ ብቻ የምታነሡ ከሆነ ይህንን ምረጡ፤ ደም ቅዳዎቹም በደንብ ይታያሉ።
6. የፖርታል ቬይን ምዕራፉን መርፌው ከተጀመረ በ70ኛው ሰከንድ አካባቢ አንሡ። ይህን አትዝለሉ። አጠራጣሪውን ነገር ደም ቅዳ ነው ወይስ ደም መልስ ብላችሁ የምትዳኙት ሁለቱን ምዕራፎች አስተያይታችሁ ነው።
7. ታካሚው ቀጭን ከሆነ የቱቦውን ኃይል ከ120 ወደ 100 ኪሎ ቮልት አውርዱት። አዮዲን በዝቅተኛ ኃይል ይበልጥ ይነጣል፤ ጨረሩም ይቀንሳል።

ችግር ቢገጥም፦ ክንዱ ማበጥ ከጀመረ ኢንጀክተሩን ወዲያው አቁሙ። ክንዱን ከፍ አድርጉ፤ ቀዝቃዛ ነገር አኑሩበት፤ ታካሚውንም ሳታዩት አትልቀቁት። ቆዳው ውኃ ከቋጠረ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም እብጠቱ እየጠነከረ ከሄደ ቀዶ ሐኪም ጥሩ። መከታተያው ካልተነሣ ዓይናችሁን አኦርታው ላይ አድርጉና ሲነጣ በእጃችሁ አስጀምሩ። ልባቸው የደከመ ታካሚዎች ላይ ኮንትራስቱ ይዘገያል፤ በሰዓት ብቻ አትመኑ።

ደረጃ 4፦ ምስሉን በቀጭኑ አስገንቡ

1 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በየ0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትሩ፣ ለስላሳ ኬርነል (የምስል ማጣሪያ)። ለሁለቱም ምዕራፎች።

በ5 ሚሊ ሜትር ስላይስ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ደም ቅዳ ከአጠገቡ ካለው ስብ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ወደ ፓክስ (የምስል ማከማቻው) የተላከላችሁ 5 ሚሊ ሜትሩ ብቻ ከሆነ ቶሎ ወደ ማሽኑ ክፍል ደውሉ። ጥሬው ዳታ ማሽኑ ላይ የሚቆየው ቦታው በሌላ ታካሚ እስኪያዝ ድረስ ነው። ከጠፋ በኋላ ከ5 ሚሊ ሜትር ምስል 1 ሚሊ ሜትር ማውጣት አይቻልም።

ደረጃ 5፦ ምስሉ ለማንበብ የሚበቃ መሆኑን ፈትሹ

ወደ ጉበት ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

• አኦርታው በጣም ነጥቶ፣ የጉበት ቬይኖች ገና አልነጡም?
• የኩላሊት ውጪኛው ክፍል ከውስጠኛው በግልጽ ይለያል?
• ጣፊያው የሜዳ አህያ ይመስል ዝንጉርጉር ነው? ይህ በአርተሪ ምዕራፍ የሚጠበቅ ነው፤ በሽታ አይደለም።

ዊንዶውን (ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የንጣት ክልል) አስፉ፤ ስፋቱ 600 ወይም 700፣ መሀሉ ከ150 እስከ 200። በተለመደው የሆድ ዊንዶው ደም ቅዳውና የግድግዳው ካልሲየም አንድ ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ የጠበበ መነሻም ጤነኛ ይመስላል።

ምስሉ ዘግይቶ ከተነሣ ታካሚውን ወዲያው አትመልሱት። ፖርታል ቬይኑ አብሮ ቢነጣም ስላይሱ ቀጭን እስከሆነ ድረስ ትልልቆቹን ልዩነቶች መከተል ይቻላል። መከተል ያልቻላችሁትን ብቻ ለይታችሁ ጻፉ፤ መድገም ያስፈልግ እንደሆነም ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ወስኑ።

ደረጃ 6፦ ከአኦርታ የሚነሡትን ቁጠሩ

ሳጂታል ምስሉን (ሰውነቱን ከጎን የሚያሳየውን) ክፈቱ። ከላይ ሲሊያክ፣ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ኤስኤምኤ ሲነሣ ታያላችሁ። ሁለቱ በአንድ ግንድ ከተነሡ ሲሊያኮሜሴንተሪክ ትራንክ ነው። በመካከላቸው ወይም በአጠገባቸው ሌላ መነሻ ካለ ከቁጥር አትተዉት፤ ሌፍት ጋስትሪክ፣ አንዳንዴም ወደ ጉበት የሚሄደው ዋናው ግንድ፣ ራሱ ኮመን ሄፓቲክ፣ በቀጥታ ከአኦርታ ሊነሣ ይችላል።

እዚያው ሳጂታሉ ላይ ሳላችሁ የሲሊያክን መነሻ ጥበት እዩ። ከላይ ተጭኖት መንጠቆ የመሰለ ከሆነ ሚዲያን አርኩዌት ሊጋመንት (የዲያፍራም ጅማት) እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ጫናው አየር በማስወጣት ጊዜ ይብሳል። አየር አስገብቶ በተነሣ ምስል ላይም ጠቦ ከታየ፣ ከመነሻው ወዲያም ደም ቅዳው ከሰፋ፣ በቁም ነገር ያዙት። ይህ የአፈጣጠር ልዩነት አይደለም፤ ግን ልዩነት ይመስላል። ሲሊያክ ሲዘጋ ደሙ ከኤስኤምኤ በቆሽት ዙሪያ ባሉት ቅስቶች ዞሮ በጋስትሮዱዎደናል አርተሪ በኩል ወደ ጉበት ይመለሳል። ጋስትሮዱዎደናሉ ወፍሮ ስታዩ «ሄፓቲኩ ከኤስኤምኤ ተነሣ» ልትሉ ትችላላችሁ። ኮመን ሄፓቲኩ ከሲሊያክ ጋር መገናኘቱን አረጋግጡ፤ ከተገናኘ መነሻው ሲሊያክ ነው። ዊፕል የሚሠራው ቀዶ ሐኪም ጋስትሮዱዎደናሉን ስለሚያስር ይህን ጥበት ሳታሳውቁት ከቀራችሁ የጉበቱን ደም አብሮ ሊዘጋው ይችላል።

አሁን ወደ አክሲያል (ሰውነቱን በአግድም ቆርጦ ወደሚያሳየው ምስል) ተመለሱና ኮመን ሄፓቲኩን ለዩ። መለያው ጋስትሮዱዎደናል አርተሪን መስጠቱ ነው። ከየትም ይነሣ፣ ጋስትሮዱዎደናልን የሚሰጠው እርሱ ኮመን ሄፓቲክ ነው። ይህን መለያ ያልያዘ ሰው ከኤስኤምኤ የሚነሣ ሙሉ ኮመን ሄፓቲክን «ምትክ ቀኝ» ብሎ ይጽፋል።

ከሲሊያክ ወደ ቀኝ የሚሄድ ምንም ከሌለ አትደናገጡ፤ ቀጥታ ወደ ኤስኤምኤ ውረዱ።

ደረጃ 7፦ ግራውን ከጉበት ወደ ኋላ ተከተሉ

1. አክሲያሉ ላይ የሊጋመንተም ቬኖሰምን ስንጥቅ ፈልጉ። ከግራው የጉበት ክፍል በስተኋላ፣ ከኮዴት ሎብ (ከጉበት የኋላ ትንሽ ክፍል) በስተፊት ያለው በስብ የተሞላ ስንጥቅ ነው።
2. በስንጥቁ ውስጥ የነጣ ደም ቅዳ አለ? የተለመደው ግራ ሄፓቲክ በዚህ አያልፍም፤ ከታች ከጉበቱ በር ወደ አምቢሊካል ስንጥቅ ይወጣል። በሊጋመንተም ቬኖሰም ስንጥቅ የሚያልፍ ደም ቅዳ ካያችሁ ከሌፍት ጋስትሪክ የሚነሣ የግራ ጉበት ደም ቅዳ ሊሆን ይችላል።
3. ሁለቱን ጫፎች አግኙ። አንዱ ጫፍ ጉበት ውስጥ ገብቶ ወደ ክፍል 2 እና 3 መከፈል አለበት፤ ሌላው ጫፍ ሌፍት ጋስትሪክ ላይ መድረስ አለበት።

ሦስተኛውን አትዝለሉት። በዚያው ስንጥቅ ከግራ ሄፓቲክ ተነሥቶ ወደ ጨጓራ የሚሄድ ተጨማሪ ጋስትሪክ ደም ቅዳም ያልፋል። መንገዱ አንድ ነው፤ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። ሲቲ የደሙን አቅጣጫ ስለማያሳይ የምትለዩት በጫፎቹ ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ ጉበት የሚገባ ያልተለመደ የጋስትሪክ ቬይንም እዚያ ሊገኝ ይችላል፤ በአርተሪ ምዕራፍ ደብዝዞ በፖርታል ምዕራፍ ከነጣ ደም መልስ ነው።

ደረጃ 8፦ ቀኙን ከጉበት ወደ ኋላ ተከተሉ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሲሳት ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው።

ሬዚደንት ሳለሁ የአንድ የቆሽት ዕጢ ታካሚ ሪፖርት ላይ «የተለመደ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሲሊያኩ ውብ ነበር፤ ሦስቱም ቅርንጫፎች በየቦታቸው። ቀዶ ሐኪሙ ፖርታል ቬይኑን ሲያላቅቅ ከጀርባው የሚመታ ነገር በጣቱ አገኘ። ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ስለነበረ ደም ቅዳው ተረፈ። ምስሉን መልሼ ስከፍተው በሰባት ስላይሶች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። አላየሁትም ማለት አልችልም፤ አልፈለግሁትም።

1. ከቀኙ የጉበት ክፍል ውስጥ ጀምሩ። ከቀኝ ፖርታል ቅርንጫፍ አጠገብ የሚሄደውን ደም ቅዳ ያዙና ስላይስ በስላይስ ወደ ታች ተከተሉት።

2. ከጉበቱ በር ሲወጣ ከፖርታል ቬይን ፊት ለፊት ነው ወይስ ከጀርባ? የተለመደው አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ያልፋል። ከጀርባ ወይም ከቀኝ ጎን ከሆነ ንቁ።

3. በፖርታል ቬይንና በታችኛው ቬና ካቫ መካከል ያለውን ቦታ እዩ። ከኤስኤምኤ የሚነሣው ደም ቅዳ በቆሽቱ ራስ ጀርባ መጥቶ በዚህ መካከል ያልፋል፤ ከዚያ በሐሞት ቱቦው አጠገብ ወደ ላይ ይወጣል።

4. ኤስኤምኤ ላይ እስክትደርሱ አትቁሙ። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የኤስኤምኤ የመጀመሪያ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ላይ፣ በቀኝ ግድግዳው በኩል ነው።

5. ፕሮፐር ሄፓቲኩን (ጋስትሮዱዎደናሉ ከወጣ በኋላ ያለውን የኮመን ሄፓቲክ ቀጣይ) መልሳችሁ እዩት። ቀጥኖ ወደ ግራ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ቀኙ ሌላ ምንጭ እንዳለው እየነገራችሁ ነው። ይህን ምልክት እኔ ከሁሉ በላይ እተማመንበታለሁ፤ ምክንያቱም ያልተፈለገውን እንኳ እንድትፈልጉ ያስገድዳችኋል።

የሚያሳስቱ ነገሮች፦

ሊምፍ ኖድ። በፖርታል ቬይንና በካቫ መካከል ጤነኛ ሰውም ኖድ አለው። ኖድ በጥቂት ስላይስ ተጀምሮ ያልቃል፤ ደም ቅዳ ይቀጥላል። ሃውንስፊልዱን ለኩትና ከአኦርታው ጋር አስተያዩት።

የኮዴት ሎብ ጉጥ። ፓፒላሪ ፕሮሰስ የሚባለው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ተለይቶ የቆመ ክብ ይመስላል። ወደ ላይ ስታሸበልሉ ከጉበቱ ጋር ይገናኛል።

ኢንፌሪየር ፓንክሪያቲኮዱዎደናል አርተሪ። እርሱም ከኤስኤምኤ በቀኝ በኩል ይነሣል፤ ግን በቆሽቱ ራስ ያልቃል። ጉበት ያልደረሰን ደም ቅዳ ሄፓቲክ አትበሉት።

ከሲሊያክ ተነሥቶ ከፖርታል ጀርባ የሚያልፍ ሄፓቲክ። መንገዱ የምትኩ ነው፤ መነሻው ግን የተለመደው ነው። ለዚህ ነው በመንገዱ ብቻ አትፍረዱ የምለው።

ደም ቅዳው ካለ፣ ዕጢውም ካለ፣ ግንኙነታቸውን ለኩ። ዕጢው ደም ቅዳውን የነካው ከዙሪያው እስከ 180 ዲግሪ ነው ወይስ ከዚያ በላይ? ዊፕል ላይ ጋስትሮዱዎደናሉ ከታሰረ በኋላ የሚቀረው የሐሞት ቱቦ ደሙን በብዛት የሚያገኘው ከቀኝ ሄፓቲክ ስለሆነ፣ ይህ ደም ቅዳ ሲጎዳ የሚጎዳው ጉበቱ ብቻ አይደለም፤ ቱቦው ከአንጀት ጋር የተሰፋበት ቦታም ሊያፈስ ይችላል።

ደረጃ 9፦ የክፍል 4ን ደም ቅዳ ፈልጉ

ከአምቢሊካል ስንጥቅ በስተቀኝ ያለውን የጉበት ክፍል የሚመግበው ደም ቅዳ ከግራ ወይም ከቀኝ ሄፓቲክ ይነሣል። ቀጭን ስለሆነ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ተንሸራታች ሚፕ ፈልጉት። ከቀኝ ሄፓቲክ ከተነሣና ለጋሹ ቀኙን ክፍል የሚሰጥ ከሆነ፣ መነሻው ከመቁረጫው በየት በኩል እንዳለ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ ጻፉ። የሚቀርለት ክፍል 4 ነውና።

ደረጃ 10፦ ምትክ ነው ወይስ ተጨማሪ?

በወረቀት ላይ ከ1 እስከ 8 ጻፉ። በእያንዳንዱ የጉበት ክፍል ፊት ደሙ ከየት እንደመጣ ሙሉ። ሲያልቅ መልሱ ራሱ ይወጣል። 2 እና 3 በሙሉ ከሌፍት ጋስትሪክ ከሆኑና ከፕሮፐር ሄፓቲክ ወደ ግራ የሚሄድ ምንም ከሌለ ምትክ ነው። 2 ከሌፍት ጋስትሪክ፣ 3 ከተለመደው ከሆነ ተጨማሪ ነው። ለቀኙም እንዲሁ፤ ከ5 እስከ 8 ያሉትን ሙሉ።

«ተጨማሪ» የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ። ትርፍ ማለት አይደለም። የራሱ ክፍል አለው፤ ለዚያ ክፍል ብቸኛው ምንጭ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሐኪም «ተጨማሪ» የሚለውን ካነበበ በኋላ በቀላሉ እንዳያስረው የትኛውን ክፍል እንደሚመግብ በግልጽ ጻፉለት።

ደረጃ 11፦ ባለ ሦስት ገጽታ ምስሉን በመጨረሻ ሥሩ

ቮሊዩም ሬንደሪንግ ለቀዶ ሐኪሙ ለማሳየት መልካም ነው፤ ለምርመራ ግን አይበቃም። ገደቡን ከፍ ስታደርጉ ቀጫጭኖቹ ይጠፋሉ፤ ዝቅ ስታደርጉ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ደም ቅዳዎች አንድ ይሆናሉ። በባለ ሦስት ገጽታው ያያችሁት ነገር አክሲያሉ ላይ ከሌለ፣ የለም።

ደረጃ 12፦ ዓይነቱን ሰይሙ

ማይክልስ በ1966 ከ200 አስከሬኖች ተነሥቶ ያወጣው ምድብ 10 ዓይነት አለው። ዘወትር የምትጠቀሙባቸው፦ 1 የተለመደው ነው፣ በእርሱ ጥናት 55 በመቶ ብቻ። 2 ከሌፍት ጋስትሪክ የሚነሣ ምትክ ግራ፣ 10 በመቶ። 3 ከኤስኤምኤ የሚነሣ ምትክ ቀኝ፣ 11 በመቶ። 4 ሁለቱም ምትክ ሲሆኑ። 5 ተጨማሪ ግራ፣ 8 በመቶ፤ 6 ተጨማሪ ቀኝ፣ 7 በመቶ። 7 ሁለቱም ተጨማሪ፤ 8 አንዱ ምትክ ሌላው ተጨማሪ። 9 ኮመን ሄፓቲክ ከኤስኤምኤ ሲነሣ፤ 10 ከሌፍት ጋስትሪክ ሲነሣ።

ሃያትና ባልደረቦቹ በ1994 ከ1000 ጉበቶች ተነሥተው ወደ 6 አሳጠሩት፤ የተለመደው 75.7 በመቶ ሆነ። ኮመን ሄፓቲክ በቀጥታ ከአኦርታ ሲነሣ 6ኛው ዓይነት ይባላል፤ በማይክልስ ውስጥ ቦታ የለውም። በሌላ በኩል ሃያት ምትክንና ተጨማሪን አንድ ላይ ያስቀምጣል። እኔ ለቀዶ ሐኪም ስጽፍ ማይክልስን እመርጣለሁ፤ ልዩነቱ ለእርሱ ትልቅ ነውና።

ከሁለቱም ውጪ የሆኑ አሉ። ቀኝ ሄፓቲክ ከጋስትሮዱዎደናል ወይም በቀጥታ ከሲሊያክ ሊነሣ ይችላል፤ ጋስትሮዱዎደናል፣ ቀኝና ግራ ከአንድ ነጥብ ሊከፈሉም ይችላሉ። በግድ ቁጥር ውስጥ አታስገቧቸው። በቃላት ግለጿቸው።

ደረጃ 13፦ ሪፖርቱን ጻፉ

ቁጥር ብቻ ጽፋችሁ አትተዉ። «ማይክልስ 3» የሚለውን ሁሉም ሰው በቃሉ አያስታውስም። እንዲህ ያለ ነገር ይሁን፦

«ቀኝ ሄፓቲክ አርተሪ ከኤስኤምኤ ቀኝ ግድግዳ፣ ከኤስኤምኤ መነሻ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ይነሣል። በቆሽቱ ራስ ጀርባ፣ ከፖርታል ቬይን በስተኋላ አልፎ ወደ ቀኙ የጉበት በር ይወጣል። ከክፍል 5 እስከ 8 ላሉት ብቸኛ ምንጭ ነው። ዕጢው አይነካውም። ክፍል 2፣ 3 እና 4 ከተለመደው ግራ ሄፓቲክ ያገኛሉ። ሲሊያክ መነሻው ላይ ጥበት የለበትም። ማይክልስ 3።»

መነሻ፣ መንገድ፣ መድረሻ፣ ከዕጢው ጋር ያለው ግንኙነት፣ የሲሊያክ መነሻ። አምስቱ ካልተሟሉ አትፈርሙ። መከተል ያቃታችሁን በስሙ ጥቀሱ፦ «የክፍል 4 ደም ቅዳ በዚህ ምርመራ መነሻው አልተለየም» ማለት «የተለመደ ነው» ከማለት እጅግ ይሻላል።

በቀድሞ ቀዶ ሕክምና የተቀመጡ ክሊፖች፣ ኮይል ወይም ስቴንት በምስሉ ላይ ጭረት እየፈጠሩ ቦታውን ከሸፈኑት፣ ወይም ደም ቅዳው በጣም ቀጭን ሆኖ ውሳኔው ግን በእርሱ ላይ ከቆመ፣ አንጂዮግራፊ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቡ።

ከዚያ ሦስት ወይም አራት ቁልፍ ምስሎችን ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡና ለቀዶ ሐኪሙ ደውሉ፤ ልዩነት ካለ ሪፖርቱን እስኪያነብ አትጠብቁ። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ምን እንዳገኘ ጠይቁት። ከጻፋችሁት ካልተስማማ ምስሉን እንደገና ክፈቱና የትኛው ስላይስ ላይ ደም ቅዳውን መከተል እንዳቆማችሁ ፈልጉ።